የአገር በግ ዝርያን በመንደር ጠብቆ ማቆየት፦ ከአውራ ምርጫ እስከ ርቢ መዝገብ

በመንዝ ገበያዎች የፋሲካ ሰሞን ቀድሞ የሚሸጠው ጠቦት በዚያ ዓመት ከተወለዱት ሁሉ ፈጥኖ ያደገው፣ ላቱ የሞላውና ቀንዱ ያማረው ነው። ገበሬው ለበዓሉ ወጪ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ወይም ለልጆቹ ልብስ ገንዘብ ሲያስፈልገው ጥሩ ዋጋ የሚያወጣለትን መርጦ ወደ ገበያ መንዳቱ የሚነቀፍ አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ በበረቱ የሚቀረው ገዢ ያጣው ኮሳሳ ጠቦት ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የመንጋውን ሴቶች የሚያጠቃውም እሱ ይሆናል። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካና አረፋ በየዓመቱ ሲመላለሱ ምርጡ ዘር ሳይተካ ይሄዳል። የአገር በግ «አያድግም» ተብሎ የሚወቀሰው በተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን እኛው ሳናስበው ለረጅም ዘመን ወደ ኋላ ስለመረጥነውም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የአገር ዝርያን የመጠበቅ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ምርጡን አውራ በመንደሩ የማቆየት ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመንደራቸው የርቢ ማኅበር ለማቋቋም ላሰቡ ገበሬዎች፣ ለቀበሌ የእንስሳት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከከተማም ሆነ ከውጭ አገር ሆነው የትውልድ መንደራቸውን ለማገዝ ገንዘብ ለሚያዋጡ ወገኖች ነው። ምሳሌዬን በአብዛኛው የወሰድኩት ከመንዝ በግ ነው፤ አሠራሩ ግን ለሌሎቹ የአገር በግ ዝርያዎች፣ ለዋሸራም፣ ለቦንጋም፣ ለሆሮም ያገለግላል።

የሚጠበቀው ምን እንደሆነ መለየት

ኢትዮጵያ ከ40 ሚሊዮን በላይ በጎች አሏት፤ ነገር ግን ይህ ትልቅ ቁጥር ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ብዛቱ የአንድ ዝርያ ብዛት አይደለምና። በመልክና በዘረ መል ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በባህላዊ ስማቸው የሚታወቁ 14 የበግ ዓይነቶችን መርምሮ በ9 ዝርያዎች መድቧቸዋል። እነዚህም የስሜን በግ፣ አጭር ላት ያላቸው የደጋ በጎች፣ ዋሸራ፣ ጉምዝ፣ ሆሮ፣ አርሲ፣ ቦንጋ፣ አፋርና ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ናቸው። የመንዝ፣ የወሎ፣ የሰቆጣ፣ የፋርጣና «ጥቁር» የሚባሉት በጎች አጭር ላት ካላቸው የደጋ በጎች ጋር ይመደባሉ። በየቆላው፣ በየወይና ደጋውና በየደጋው ያለው በግ ከአየሩ፣ ከግጦሹና ከአርቢው ፍላጎት ጋር ለዘመናት ተስማምቶ የኖረ ነው። ቀጭን ጅራት ያለውን የጉምዝ በግ ከቆላው አውጥቶ በመንዝ ደጋ ባለው በጓሳ ላይ ማሰማራት፣ ወይም ጸጉራሙን የመንዝ በግ ወደ አፋር ማውረድ በሁለቱም በኩል የከፋ ጉዳት ያመጣል።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ግልገሉ ሲወለድ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሣሩ በሚያልቅበት ከፍታ ላይ በላቱ ባከማቸው ስብ ይሰነብታል፣ በሸካራ ጸጉሩም ብርዱን ይቋቋማል። በደብረ ብርሃን የመንዝና የሆሮ በጎች ጎን ለጎን በተጠኑበት ጊዜ፣ በሰውነቱ የሚገዝፈው የሆሮ በግ በዚያ ብርድ ብዙ ግልገሎች ሲሞቱበት የመንዝ ግልገሎች በሕይወት በመቆየት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ማኅበሩ መጀመሪያ ሊጽፈው የሚገባው ነገር «የእኛ በግ በምን ይታወቃል፣ ለምንስ ይጠቅመናል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ይህን መልስ ሽማግሌዎች፣ በጎቹን በየዕለቱ የሚጠብቁ እረኞችና ግልገል የሚያሳድጉ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ቢሰጡት ይበጃል። የቤቱ አባወራ የማያውቀውን፣ የትኛዋ እናት ወተቷ እንደሚበዛና የትኛዋ ግልገሏን እንደምትገፋ፣ የቤቱ ሴቶችና ልጆች ያውቁታልና።

የመንደሩን በግ እንደ አንድ መንጋ መቁጠር

አንድ ገበሬ ብቻውን ዝርያ መጠበቅ አይችልም። ስምንት ወይም ዐሥር እናት በጎች ያሉት ቤት የራሱን አውራ ከራሱ መንጋ መርጦ ቢያስቀር፣ አውራው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እናቱን፣ እኅቶቹንና ልጆቹን ማጥቃቱ አይቀርም፤ የዘመዳሞች ርቢም ግልገሉን ያኮሰሳል፣ የእናቲቱን መውለድ ያዘገያል፣ የበሽታ መቋቋም አቅምንም ያዳክማል። መፍትሔው በአንድ የወል መሬት የሚግጡና በአንድ ውኃ የሚጠጡ ቤቶች መንጋቸውን ለርቢ ጉዳይ እንደ አንድ መንጋ መቁጠራቸው ነው፤ በጉ የየባለቤቱ ሆኖ ይቀጥላል፣ የአውራው ውሳኔ ግን የጋራ ይሆናል።

ስንት አውራ እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን በስሌት መወሰን ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። የአውራዎቹ ቁጥር በእናት በጎች ቁጥር ይባዛል፣ ውጤቱ እንደገና በ4 ይባዛል፣ ከዚያም ለአውራዎቹና ለእናቶቹ ድምር ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ውጤታማ የመንጋ ብዛት ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ይህ ቁጥር ከ50 እንዳያንስ፣ በሌላ አነጋገር ዝምድናው በአንድ ትውልድ ከ1 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ይመክራል። ለምሳሌ 60 ቤቶች እያንዳንዳቸው 8 እናት በጎች ቢኖሯቸው ድምሩ 480 ይሆናል። ለ30 እናት አንድ አውራ ቢመደብ 16 አውራዎች ያስፈልጋሉ፤ ውጤታማው ብዛትም ወደ 62 ይደርሳል፣ የዝምድናው ጭማሪም በትውልድ 0.8 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚያው መንደር የሚያጠቁት አውራዎች 5 ብቻ ቢሆኑ ግን ውጤታማው ብዛት ወደ 20 ያሽቆለቁላል፣ ጭማሪውም 2.5 በመቶ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አውራዎቹ 5 እንደሆኑ እናቶቹን በእጥፍ ጨምረን 960 ብናደርሳቸው ቁጥሩ ከ20 ፈቅ የማይል መሆኑ ነው። ብዙ ሴት በግ መያዝ ብቻውን ዝርያውን አያድነውም፤ የሚያድነው ብዙ የተለያዩ አውራዎች መኖራቸው ነው። ስሌቱ ሁሉም አውራ እኩል ልጆች እንደሚወልድ የሚገምት በመሆኑና በገጠሩ እውነታ ይህ ስለማይሆን፣ ማኅበሩ ከስሌቱ ከፍ አድርጎ፣ ለምሳሌ 20 አውራዎችን ይዞ ቢጀምር የተሻለ ነው።

መዝገብ

መዝገብ የሌለው የርቢ ማኅበር ከሁለት ዓመት በኋላ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዷ እናትና እያንዳንዱ ግልገል በጆሮው የፕላስቲክ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ የየዓመቱ ቁጥር ቀለም ቢለያይ ዕድሜውን ከሩቅ ለመለየት ያመቻል። በመዝገቡ የግልገሉ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ጾታው፣ መንታ ይሁን ነጠላ፣ የእናቱ ቁጥር፣ የሚታወቅ ከሆነ የአባቱ ቁጥር፣ የጸጉሩ ቀለም፣ ከዚያም በተወለደ ጊዜ፣ በ3 ወሩና በ6 ወሩ የተመዘነው ክብደት ይጻፋል። የሞተም ከሆነ የሞተበት ቀንና ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ይህ አምድ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀር ቢሆንም እኔ ከክብደቱ ያላነሰ ዋጋ እሰጠዋለሁ፣ በደጋው አገር ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ስንት ግልገል እንደተወለደ ሳይሆን ስንቱ እንዳደገ ነውና።

መዝጋቢው ከመንደሩ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በየቤቱ ቢገባ የማይከለከል ወጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ትንሽም ብትሆን ቋሚ ክፍያ ሊኖረው ይገባል። ሚዛኑ የሚንጠለጠል የሰዓት ሚዛን ሆኖ ከግልገል ማቀፊያ ጨርቅ ጋር ቢዘጋጅ ይበቃል። ክብደት የሚመዘነው ጠዋት በጎቹ ለግጦሽ ከመሰማራታቸው በፊት መሆን አለበት፤ ጠግቦና ውኃ ጠጥቶ የተመዘነ ጠቦት ከተራበው ጋር ሲወዳደር ፍርዱ ይዛባል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሌላው በቀበሌው ባለሙያ ዘንድ ይቀመጥ።

አውራ መምረጥ

የሥራው እምብርት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ምርጫው በሁለት ደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያው ደረጃ 6 ወር የሞላቸው ወንድ ጠቦቶች በመዝገቡ መሠረት ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ክብደትን እንዳለ ወስዶ ማወዳደር ስሕተት ነው። መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት የእናቱን ወተት ተካፍሎ ስላደገ ከነጠላው ቢያንስ አይደንቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች እናት ልጅም ከጠና እናት ልጅ ያንሳል፤ በክረምት የተወለደና በበጋ የተወለደም አንድ አይደሉም። በመሆኑም መንታውን ከመንታ፣ የበኩሩን ከበኩር፣ በአንድ ወቅት የተወለደውን ከወቅት እኩዮቹ ጋር ማወዳደር ይገባል። መንታ ሆኖ ከነጠላዎቹ መካከለኛ ጋር የተስተካከለ ጠቦት ከሁሉ የበለጠ ዕጩ ሊሆን ይችላል። ከራሱ ክብደት ቀጥሎ የሚታየው የእናቱ ታሪክ ነው፤ በየስንት ጊዜው ትወልዳለች፣ ከወለደቻቸው ስንቱን አሳደገች፣ ሣር ባለቀበት ወራት ሥጋዋን ምን ያህል ያዘች?

በሁለተኛው ደረጃ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ። ዕጩዎቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ በማኅበሩ የተመረጡ ሽማግሌዎችና አርቢዎችም እየዳሰሱ ያያሉ። ቁመናው፣ የእግሩ አቋቋም፣ የላቱ ስፋትና አቀማመጥ፣ የቆለጦቹ ሁለት መሆንና እኩልነት፣ የጥርሱ አገጣጠም ይመረመራል፤ አንድ ቆለጥ ብቻ የወረደለት ወይም የታችኛው መንጋጋው ያጠረ ጠቦት በክብደት ቢበልጥም ይጣላል፣ እነዚህ ጉድለቶች ወደ ልጅ ይተላለፋሉና። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የርቢ ፕሮግራም በዚህ ዓይነት መንገድ የሚሠራ ነው። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት፣ በቪየና ከሚገኘው የቦኩ ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው ሲያቋቁሙት ዓላማውን ለባለሙያ ብቻ አልተዉም፤ አርቢው ራሱ የሚፈልገውን ጠባይ እንዲመርጥ አደረጉ። በእኔ አስተያየት ሥራው ሥር የሰደደበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ ደረጃ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የአንድ አባት ልጆች ምርጫውን እንዳይሞሉት ነው። ጎበዝ አውራ ብዙ ጎበዝ ልጆች ስለሚኖሩት ሁሉንም የማስቀረት ፈተና አለ፤ ነገር ግን ከአንድ አባት ከሁለት በላይ፣ ከአንዲት እናት ከአንድ በላይ ልጅ አለማስቀረት ብዝኃነቱን ያስጠብቃል። ጥቂት ኪሎ ግራም የሚያንስ ነገር ግን ከሌላ የዘር ሐረግ የመጣ አውራ ለነገው መንጋ ይበልጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው የቀለም ጉዳይ ነው። በገበያ ነጭና ቀይ በግ ሲፈለግ ጥቁሩ ዋጋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥቁር አውራን ማንም ማስቀረት አይወድም። ይሁን እንጂ ጥቁር ጸጉር ሳይቀለም ለበርኖስ የሚሆን ነው፤ ከዚህም በላይ በቀለም ምክንያት ብቻ የሚጣል እያንዳንዱ አውራ ከቀለሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን መልካም ጠባዮች፣ ትል የመቋቋምና ክፉ ቀን የማለፍ ችሎታን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ከ20 አውራዎች መካከል ሁለትና ሦስቱ ጥቁር እንዲሆኑ ማኅበሩ በውስጠ ደንቡ ቢያጸና ብልህነት ነው።

የትል ነገር ከተነሣ፣ የመድኃኒት አሰጣጥም ምርጫውን ሊያበላሽ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉንም በግ በየወሩ መድኃኒት ማጋት ደካማውንና ጠንካራውን አንድ ያስመስላል፤ ትሉም መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። በዝናቡ ወቅት መጀመሪያና መጨረሻ በባለሙያ ምክር ከሚሰጠው ሌላ፣ የከሳውን፣ የሚያስቀምጠውን ወይም የዓይኑ ሽፋን ውስጡ የነጣውን ብቻ ለይቶ ማከምና ቁጥሩን በመዝገቡ ማስፈር ይሻላል። በተደጋጋሚ የታከመች እናት ልጅ ለአውራነት አይታጭም። ክትባትን በተመለከተ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ ለበግ ፈንጣጣና ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚሰጠው ክትባት ለሁሉም መድረስ አለበት።

የተመረጠውን ጠቦት ከገበያ የማስቀረት ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ድሀ ገበሬን «ለዝርያው ስትል አትሽጥ» ማለት ፍትሕ አይደለም። ማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ አሰባስቦ የተመረጠውን ጠቦት በበዓል ገበያ ዋጋ፣ ከተቻለም ትንሽ ጨምሮ ከባለቤቱ ሊገዛው ይገባል፤ አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ደልቦ ይሸጥና ገንዘቡ ወደ ካዝናው ተመልሶ ሌላ ጠቦት ይገዛበታል። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለመንደራቸው አንድ ነገር ማድረግ የሚፈልጉ ወገኖች ሊያዋጡለት የሚገባው ይህ ካዝና ነው። «የተሻሻለ ዝርያ» እየተባለ ከሩቅ የተገዛ አውራ በመኪና ጭኖ መላክ በጎ ሐሳብ ቢሆንም፣ ከዚህ በታች በምገልጸው ምክንያት የሚያሳጣው ከሚያስገኘው ሊበልጥ ይችላል።

ያልተመረጡትን መለየት፣ የተመረጡትን ማዘዋወር

ምርጥ አውራ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ያልተመረጠው ጠቦት በወል ግጦሹ ላይ ቀድሞ ካጠቃ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ወንድ ጠቦት ገና 6 ወር ሳይሞላው የማስረገዝ አቅም ሊኖረው ስለሚችል፣ ዕጩ እንደማይሆን አስቀድሞ የታወቀው በ3ና በ4 ወሩ መኮላሸት አለበት፤ ይህም በባለሙያ እጅ፣ በቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የቆለጡን ሥር በሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) ቢሆን ሕመሙና ቁስሉ ይቀንሳል። የተኮላሸው ጠቦት ኪሳራ አይደለም፣ ሙክት ሆኖ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣልና። በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ያለጊዜው ስሪያ እንዳይኖር አውራውን በገመድ የማሰር ልማድ አለ፤ በደጋውም ዕጩዎቹ እስኪመረጡ ድረስ ከሴቶቹ ለይቶ ማሰማራት ይቻላል። የማኅበሩ አባል ያልሆነ ጎረቤት አውራውን በወል ግጦሹ ላይ የሚለቅ ከሆነ ጉዳዩ በሽማግሌዎች አማካይነት ቶሎ እልባት ማግኘት አለበት፤ የመንደሩ ውስጠ ደንብ የሚፈተነው በዚህ ነው።

የተመረጡት አውራዎች በመንደሩ ውስጥ በጎረቤትነት ለተደራጁ ቡድኖች ይከፋፈላሉ። አንድ አውራ በአንድ ቡድን ውስጥ ከ12 ወር በላይ አይቆይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርግዝናው 5 ወር ያህል ይፈጃል፣ ሴቷ ግልገል ለስሪያ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ወር ይበቃታል፣ ስለዚህ አውራው ወደ ቡድኑ ከገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ገደማ የራሱ ልጆች ይደርሱበታል። ዓመቱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው ቡድን ይሻገራል፤ አቅጣጫውም ዘወትር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከመጀመሪያው ቡድን ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ሁለት ቡድን ካገለገለ በኋላ ይሸጥ። ምንም ያህል ቢወደድ ከዚያ በላይ ማቆየት የዘር ሐረጉን ያጠበዋል።

ግልገል ለመካፈል በርቢ የተሰጠች በግም መዘንጋት የለባትም። በጋራ ውል ለሌላ ቤት የተሰጠች እናት ከነቁጥሯና ከነልጆቿ በመዝገቡ ትቀጥል፤ ባለቤቷና አሳዳጊዋ ግልገሎቿን ሲካፈሉ ወንዱ ዕጩ ከሆነ ማኅበሩ አስቀድሞ መስማት አለበት።

የውጭ ደም ሲመጣ

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተለያዩ የውጭ በጎች ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ ሜሪኖ፣ ሮምኒ፣ ኮሪዴል፣ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዶርፐር ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሰሜን ሸዋ የአዋሲና የመንዝ ዲቃላ አውራዎች ለገበሬው ተከፋፍለዋል። በቂ ድርቆሽና ተጨማሪ መኖ ባለበት ቤት ዲቃላው ፈጥኖ ያድጋል፣ ጸጉሩም ይበዛል፤ ይህን መካድ አይገባም። መኖ በሌለበት፣ በተለይ በግንቦት ሣር ሲያልቅ ግን ገዝፎ የተወለደው በግ ያንኑ ያህል ይበላል፣ ያንኑ ያህልም ይጎዳል። ጥቅሙና ጉዳቱ እንደየቤቱ የሚለያይ በመሆኑ ማዳቀል ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ የምለው በካርታ ተወስኖ ይሁን ነው።

ይህም ማለት ወረዳው ወይም ማኅበሩ ንጹሕ ዝርያ የሚራባበትን አካባቢና ማዳቀል የሚፈቀድበትን አካባቢ ለይቶ ያስቀምጥ፣ በመካከላቸውም የወል ግጦሽ አይኑር ማለት ነው። በመንገድ ዳር ያሉ፣ ለከተማ የሚቀርቡና መኖ የሚገዙ መንደሮች ለማዳቀል ይመቻሉ፤ ራቅ ያለው ደጋ ለንጹሑ ዝርያ ይተው። በማዳቀያው አካባቢ የሚወለዱ ዲቃላ ወንዶች ሁሉ ይደልቡና ለሥጋ ይሸጡ እንጂ ለአውራነት አይቅሩ። ሥርዓት የሌለው መዳቀል አንድ ጊዜ ከገባ በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ንጹሕ መንጋ ከቶ ማግኘት ያስቸግራል፤ የበግ ትውልድ ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከውጭ አውራ ጋር በሽታም ሊገባ ይችላል። ማይዲ ቪስና የሚባለው፣ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጎዳና ፈውስ የሌለው የቫይረስ በሽታ በአገራችን የታወቀው በማዳቀያ መንጋዎች ውስጥ ነው። በሽታው በወተትና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ጤነኛ የሚመስል አውራ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመንደሩ ውጭ የሚመጣ ማንኛውም አውራ፣ የአገር ዝርያም ቢሆን፣ የደም ምርመራ ሳይደረግለትና ለብቻው ተለይቶ ሳይቆይ ከመንጋ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ዝርያው እንዲያበላ ማድረግ

ገበሬው የሚይዘው የሚጠቅመውን ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ባናና በርኖስ የሚሠራበት፣ ቆዳው አጎዛና ለምድ የሚሆን፣ ላቱ በየቤቱ የሚወደድ ነው። ሸማኔዎችን ከማኅበሩ ጋር ማገናኘት፣ ጸጉሩን በቀለም ለይቶ መሸለትና መሸጥ፣ የማኅበሩን የተመረጡ ጠቦቶች ለሌሎች መንደሮች በአውራነት መሸጥ የገቢ ምንጮች ናቸው። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ በሥጋ ዋጋ ይሸጥ የነበረ ጠቦት በዘር ዋጋ ሲሸጥ የዝርያው ጥበቃ ራሱን መቻል ይጀምራል።

ለክፉ ቀን መዘጋጀት

እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የአፍና እግር በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ አብዛኛው ቁጥሩ በአንድ ተራራማ አካባቢ ብቻ የሚኖረው ኸርድዊክ የተባለ በግ ወረርሽኙን ለመግታት በተደረገው እርድ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። ዝርያው በቁጥር ጥቂት ስለነበር አልነበረም፤ በአንድ ቦታ ስለተከማቸ ነው። የስሜን በግ ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በተራራው ዙሪያ ብቻ ስለሚኖር አንድ ወረርሽኝ፣ አንድ ድርቅ ወይም አንድ የጦርነት ወቅት ሊያጠፋው ይችላል። በሰሜኑ አገራችን ባለፉት ዓመታት የታረዱትን፣ የተዘረፉትንና የተሰደዱ መንጋዎችን ያየ ሰው ይህ ስጋት የመጽሐፍ ቃል ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ዝርያ ከዋናው አካባቢ ርቆ፣ ነገር ግን ተመሳሳይ አየር ባለው ቦታ ሁለተኛ መንጋ ሊኖረው ይገባል። መንጋው በምርምር ማዕከል፣ በገዳም መሬት ወይም በሌላ መንደር ሊያዝ ይችላል። የገዳማት መንጋ ለረጅም ጊዜ ሳይሸጥና ሳይበተን የሚቆይ በመሆኑ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከፈቀዱ፣ ለዚህ ተግባር እጅግ የሚመች ነው። በሁለተኛው መንጋ የሚያዙት በጎች ከተለያዩ ቤቶችና የዘር ሐረጎች የተውጣጡ መሆን አለባቸው፤ ከአንድ ለጋስ አርቢ የተሰጡ ሃምሳ በጎች ከሃምሳ ቤት አንድ አንድ እየሆኑ የተሰበሰቡትን አይተኩም። ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ጥቂት አውራዎች በሁለቱ መንጋዎች መካከል መለዋወጥ ይኖርባቸዋል።

የአባለ ዘር ፈሳሽን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ይህ የመንደር ሳይሆን የተቋም ሥራ ነው። የበግ የማኅፀን በር ጠማማና ጠባብ ስለሆነ፣ የቀዘቀዘ ፈሳሽ እንደ ላም በቀላሉ አይገባም፤ ጥሩ የማስረገዝ ውጤት የሚገኘው በሆድ በኩል በመሣሪያ ወደ ማኅፀኑ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የቀዘቀዘው ዘር የቆመውን መንጋ ለማገዝ እንጂ ለመተካት አይታሰብ። ማኅበሩ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ወይም ከአካባቢው የምርምር ማዕከል ጋር ተስማምቶ ከአውራዎቹ ናሙና ሲሰጥ፣ የተሰጠበትን ቀን፣ የአውራውን የጆሮ ቁጥርና የእናቱን ቁጥር በራሱ መዝገብም መጻፍ አለበት፤ የናሙናው ባለቤትነትና አጠቃቀሙ በጽሑፍ ውል ይሁን። አውራው ናሙና ከሰጠ በኋላም ተራው እስኪያልቅ በቡድኑ ውስጥ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው የስሪያ ወቅት ከመድረሱ በፊትም ተተኪው ጠቦት ተመዝኖ፣ ተዳስሶ፣ ዋጋው ለባለቤቱ ተከፍሎ መዘጋጀት ይኖርበታል።